ስውር ፖሊሱ ማስመሰሉን የሚያቆመው መቼ ነው? («ራሽ»ን ካየሁ በኋላ)

የመጨረሻው ወንበር
ሰኞ፣ ከሌሊቱ 6:40

ሰላም ለሁላችሁ። «ራሽ»ን አሁን አይቼ ጨረስኩ። እንቅልፍ እንቢ ስላለኝ እናንተ ዘንድ መጣሁ። ያላያችሁት ካላችሁ ልብ በሉ፣ መጨረሻውንም ሳልደብቅ ነው የማወራው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ፊልሙ የ1991 ነው። ዳይሬክተሯ ሊሊ ፊኒ ዛነክ ናት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራችው ፊልም ነው። ታሪኩ ቴክሳስ ውስጥ ነው፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ። ጂም የሚባል በስውር ሥራ የከረመ ፖሊስ አለ። ጄሰን ፓትሪክ ነው የሚሠራው። ጂም ክሪስተን የምትባል ጀማሪ ፖሊስ አጋሩ እንድትሆን ይመርጣል። እሷን የምትሠራው ጄኒፈር ጄሰን ሊ ናት። ሁለቱ ፍቅረኛሞች መስለው አንዲት ከተማ ውስጥ ይገባሉ። ከዚህም ከዚያም ዕፅ ይገዛሉ፣ የሻጮቹን ስም ይይዛሉ። አለቆቻቸው ግን ከሁሉም አብልጠው የሚፈልጉት አንድ ሰው ነው። ጌንስ ይባላል፣ የመጠጥ ቤት ባለቤት። ሙዚቀኛው ግሬግ ኦልማን ነው የሚጫወተው። በፊልሙ ሁሉ የሚናገረው ቃል በጣት የሚቆጠር ነው። ዝም ብሎ ያያል። ያ ዝምታው ከጩኸት በላይ አስፈራኝ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ጂም ልጅቷን ወደ ሥራ ከማሰማራቱ በፊት የሚያስተምራት ሲን አለ። ስለ ሽጉጥ አይደለም፣ ስለ መርፌ ነው። ሻጩ ፊት ለፊት «ውሰጂ» ቢልሽ እምቢ ማለት የለም። እምቢ ካልሽ ፖሊስ ነሽ። ስለዚህ ከአሁኑ እወቂው ይላታል። ድምፁ የሚያስተምር መምህር ድምፅ ነው። የተረጋጋ፣ እንዲያውም የሚያሳሳ። ክሪስተን ደግሞ ዓይኗን ከክንዱ ላይ አትነቅልም።

እኔ እዚያ ላይ ፊልሙን አቆምኩት። ተነስቼ ውሃ ጠጣሁ። ልብስ ይወልቃል፣ የውሸት ስም ይቀየራል፣ የውሸት መታወቂያ ይቀደዳል። ደም ውስጥ የገባ ነገር ግን እንዴት ይወጣል? ፖሊስ መስሎ አይደለም፣ ሱሰኛ መስሎ ነው የገባው። ከዚያ በኋላ መምሰል የሚባል ነገር አለ?

ጥያቄዬ ይህ ነው። እንዲህ ዓይነት ፊልም ላይ ሰውዬው ማስመሰሉን ያቆመው በትክክል የቱ ጋ ነው ትላላችሁ? ከየትኛውም ፊልም ይሁን፣ ያንን ደቂቃ ንገሩኝ።

ጥላ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:05

የእኔ መልስ «ዶኒ ብራስኮ» ነው፣ 1997። ጉዳዩ ዕፅ ሳይሆን ማፊያ ነው፣ ግን ለጥያቄህ ይሆናል።

ጆኒ ዴፕ ዶኒ በሚል ስም የገባ የኤፍ.ቢ.አይ. ሰው ነው። አል ፓቺኖ ደግሞ ሌፍቲ የሚባል ያረጀ፣ ዕድል ፊቷን ያዞረችበት ወንበዴ። ሌፍቲ ልጁን አምኖ ዋስ ሆነለት። «የእኔ ሰው ነው» አለ። እነሱ ዘንድ ይህን ካልክ ሰውየው ፖሊስ ሆኖ ሲገኝ የምትሞተው አንተ ነህ።

መጨረሻ ላይ ስልክ ይደወልለታል፣ ይጠሩታል። ለምን እንደሚጠሩት ያውቃል። ሰዓቱን ያወልቃል። ቀለበቱን ያወልቃል። ገንዘቡን ያወጣል። ሁሉንም መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጥና ሚስቱ እንድታየው መሳቢያውን ትንሽ ከፈት አድርጎ ይወጣል። ያቺ የተከፈተች መሳቢያ ከዓይኔ አትጠፋም።

ዶኒ ማስመሰሉን ያቆመው ይህን ሰው ሊያድን ሲፈልግ ነው። ጓደኛው ሆነ፣ አለቀ።

ፍርድ ቤት ደጃፍ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:30

ልጆች፣ እኔ ለረጅም ዓመታት የወንጀል መዝገብ ሳገላብጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ «ራሽ»ን ያየሁት ትንሽ ለየት ባለ ዓይን ነው። እኔን ያስደነገጠኝ መርፌው አይደለም። መሐላው ነው።

ጂምና ክሪስተን ጌንስን መያዝ አቃታቸው። ከሰውየው እጅ የገዙት ነገር የለም። ከላይ ያለው አለቃ ግን «እሱን አምጡልኝ» ብሎ ቆሟል። ስለዚህ ማስረጃ ፈጠሩበት። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት። ስውር ፖሊስ ከጠዋት እስከ ማታ ይዋሻል። ስሙ ውሸት፣ ሥራው ውሸት፣ ሳቁ ውሸት። ይህን ሁሉ ሕጉ ፈቅዶለታል። ያልተፈቀደለት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ለምስክርነት የሚቆምባት ስፍራ። ለወራት በውሸት ሲተነፍስ የኖረ ሰው፣ ያቺን በር ሲያልፍ በአንድ ጊዜ እውነተኛ እንዲሆን እንጠብቅበታለን። ፊልሙ «አይሆንም፣ ሰው እንደዚያ አልተሠራም» ነው የሚለን።

ይህ ደግሞ ከአየር የመጣ ታሪክ አይደለም። ፊልሙ የተወሰደው ከኪም ዎዘንክራፍት ልብ ወለድ ነው፤ መጽሐፉ በ1990 ወጣ። ደራሲዋ ራሷ ቴክሳስ ውስጥ፣ ታይለር በምትባል ከተማ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ስውር የዕፅ ፖሊስ ነበረች። በነሱ ምስክርነት ብዙ ሰው ታስሯል። በኋላ ጉዳዩ ተበላሸ። እሷና የሥራ አጋሯ ጥፋታቸውን አመኑ፣ እሷም ፌዴራል እስር ቤት ገባች። ፊልሙ ላይ ጂም በጥይት ይሞታል። በእውነተኛው ሕይወትም በጥይት ተጠቅተው ነበር፣ ግን ሁለቱም ተርፈዋል።

እና ለጥያቄህ መልሴ፦ ክሪስተን ማስመሰሉን ያቆመችው ችሎት ላይ ነው። ዋሽተናል ብላ እውነቱን ስትናገር። ያን ቀን ጌንስ ነፃ ወጣ።

ጥላ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:52

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ፊልም ላይ ሁሌ «ፖሊስ ነህ ወይ?» ብለው ይጠይቁታል። ከተጠየቀ መዋሸት አይችልም የሚባለው እውነት ነው?

ፍርድ ቤት ደጃፍ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:15

አይደለም ልጄ። ሰው ሁሉ ይደግመዋል፣ ግን እውነት አይደለም። ቢሆንማ ኖሮ ስውር ሥራ የሚባል ነገር ባልኖረ ነበር። ሊዋሽ ይችላል። የማይችለው ሌላ ነገር ነው፤ ወንጀል የመሥራት ሐሳብ ያልነበረውን ሰው ጎትጉቶ ወንጀለኛ ማድረግ።

እዚህ ላይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1932 የወሰነው ጉዳይ አለ፤ የሶረልስ ጉዳይ ይባላል። ያኔ አልኮል የተከለከለበት ዘመን ነበር። አንድ የመንግሥት ወኪል ቱሪስት መስሎ ሰውየው ቤት ይሄዳል። ሁለቱም በአንደኛው የዓለም ጦርነት በአንድ ክፍለ ጦር ተዋግተዋል። ስለ ጦርነቱ ጨዋታ ይጀምራሉ። በጨዋታው መሃል ወኪሉ «ውስኪ አታገኝልኝም?» ይለዋል። የለኝም ይላል። እንደገና ይጠይቀዋል። አሁንም የለኝም። ደጋግሞ ሲወተውተው ሰውየው ሄዶ ግማሽ ጋሎን አመጣለት። ተከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ግን «ፖሊስ ራሱ የዘራውን ወንጀል ራሱ ሊያጭድ አይገባም» በሚል መንፈስ «ተጎትጉቼ ነው» የሚለው መከራከሪያው ሊሰማለት ይገባል አለ።

አያችሁ በምን እንደተያዘ? በአብሮ ወታደርነት። በወዳጅነት።

አውሮፓም ተመሳሳይ አለ። በ1998 የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ፖርቱጋል ላይ ፈረደ። ሁለት ሲቪል የለበሱ ፖሊሶች በአገናኝ በኩል 20 ግራም ሄሮይን እንዲያመጣላቸው አንድ ሰው ጠየቁ። ሰውየው ከዚያ በፊት የወንጀል መዝገብ የለውም። ቤቱም ዕፅ አልነበረም፣ ከሌላ ነው ያመጣው። ፍርድ ቤቱ «ፍትሐዊ ፍርድ አላገኘም» አለ።

ይህን የምላችሁ በከንቱ አይደለም። ፊልም ላይ ስውር ፖሊሱ «አምጣልኝ እንጂ፣ ምን ሆነሃል፣ አታምነኝም?» ሲል እኛ ለሱ ነው የምንሰጋው። ማዶ ያለውን ሰው አናይም።

ነጭ ጋዋን
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:10

እኔ የተያዘ ዕፅ የሚመረመርበት ላብራቶሪ ውስጥ ሠርቻለሁ። አንድ ነገር በነዚህ ፊልሞች ሁሌ ያናድደኛል። ፖሊሱ ጥቅሉን በቢላ ይወጋል፣ ዱቄቱን በጣቱ ያነሳል፣ ይቀምሳል፣ ራሱን ይነቀንቃል። እባካችሁ! ማንም እንዲህ አያደርግም። ምን እንደሆነ የማታውቀውን ዱቄት አፍህ አታስገባም። ዛሬ ደግሞ ፌንታኒል የሚባል፣ በቅንጣቱ የሚገድል ዕፅ ባለበት ዘመን ራስን እንደማጥፋት ነው።

እውነተኛው ምርመራ ከዚያ የበለጠ ያምራል። ከናሙናው ቅንጣት ታህል ትወስዳለህ። የማርኪስ ፈሳሽ የሚባለውን ጠብ ታደርግበታለህ። ሄሮይን ከሆነ ወደ ወይን ጠጅ ይቀየራል። ለኮኬይን ሌላ ፈሳሽ አለ፣ እሱ ሰማያዊ ይሆናል። ያ ቀለም ቀስ ብሎ ሲወጣ ክፍሉ ሁሉ ጸጥ ይላል። ይህ የመጀመሪያ ፍተሻ ብቻ ነው፣ ከሱ በኋላ በመሣሪያ ይረጋገጣል። አንድ ዳይሬክተር ይህን በቅርብ ቢቀርጸው ከቢላው በላይ ልብ ያንጠለጥላል።

ሌላው ማስረጃው የሚያልፍበት እጅ ነው። ከረጢቱ ይታሸጋል፣ ይመዘናል፣ ይፈረምበታል። ለሌላ ሰው ሲተላለፍ እንደገና ይፈረማል። አንድ ፊርማ ከጎደለ ጠበቃው ይበላሃል። «ዘ ፍሬንች ኮኔክሽን»ን ታስታውሳላችሁ? የ1971 ፊልም ነው። መነሻው ኒው ዮርክ ውስጥ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተያዘ ትልቅ የሄሮይን ጭነት ነው። ያ ሄሮይን በኋላ ከፖሊስ ማስረጃ ክፍል ተሰረቀ። በቦታው ዱቄት ተተካ። የታወቀው በ1972 ነው፤ ከረጢቶቹ ውስጥ የዱቄት ነፍሳት ሲርመሰመሱ ታዩ። ነፍሳት ሄሮይን አይበሉማ። ፊልሙ ኦስካር ወስዶ ብዙም ሳይቆይ መሆኑ ነው።

ካሜራ በትከሻ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:30

ማንም ስላላነሳው እኔ ላንሳው። «ራሽ» ሲጀምር ካሜራው ጌንስን ተከትሎ መጠጥ ቤቱን ያቋርጣል። ሳይቆረጥ። ሰው ይገለጥለታል፣ በር ይከፈትለታል። ቤቱ የሱ ነው። ቃል ሳይናገር ማን እንደሆነ አወቅን።

አሁን ከዚህ ጎን «ናርክ»ን አስቀምጡት። የ2002 ነው፣ ጆ ካርናሃን ነው የሠራው። ጄሰን ፓትሪክ እዚያም አለ፣ እዚያም ስውር የዕፅ ፖሊስ ሆኖ ነው። የመክፈቻው ሲን ሩጫ ነው። ካሜራው አብሮ ይሮጣል። ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ያለከልካል። ምን እንደሚሆን አይገባህም፣ መሬቱ ብቻ ነው የሚያልፍብህ። ከዚያ ተኩስ። ሻጩ ይወድቃል። አንዲት ነፍሰ ጡርም ትመታለች። ካሜራው ሲረጋጋ ነገሩ አልፏል።

ሁለቱን ተከታትዬ ያየሁ ቀን ገረመኝ። በ11 ዓመት ልዩነት ያው ፊት ነው። በመጀመሪያው ወጣት፣ ጸጉረ ረጅም፣ «ይህን እችለዋለሁ» የሚል። በሁለተኛው ዓይኑ የጎደጎደ፣ ሕፃን ልጁን ታቅፎ ቤት የሚቀመጥ፣ ተመለስ ሲሉት ሚስቱ የምትፈራለት። ሁለቱ ፊልሞች አይገናኙም። ለእኔ ግን የአንድ ሰው ሕይወት ሆኑብኝ። ጂም ባይሞት ኖሮ ይህን ሰው ነበር የሚሆነው።

ሰው ፊልምን «ግሪቲ» (ሸካራ፣ ያልተዋበ) ሲል የቆሸሸ ግድግዳና የሚንቀጠቀጥ ካሜራ ይመስለዋል። እሱ ቀላሉ ነው። ዋናው ካሜራው ከሰውየው በላይ አለማወቁ ነው። ፖሊሱ በሩ ጀርባ ያለውን ካላወቀ እኛም ማወቅ የለብንም።

እህት
ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 5:55

እዚህ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ለረጅም ጊዜ ሳነባችሁ ነበር።

ወንድሜ ሱሰኛ ነበር። ስለዚህ እነዚህን ፊልሞች እንደናንተ ማየት አልችልም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ፖሊሱ ነው። ነፍሱ ተጎዳ፣ ስሙ ጠፋው፣ ትዳሩ ፈረሰ። እሺ። እሱ ግን መርጦ ነው የገባው። ደመወዝ አለው፣ አለቃ አለው። ሲበቃው የሚመለስበት ስም አለው። «ራሽ» ላይ ዎከር የሚባለውን ልጅ ለምን ማንም አላነሳም? ማክስ ፐርሊክ የሚሠራውን። ትንሽ ሻጭ ነው፣ ይልቁንም ተጠቃሚ። ያዙት። እስር ቤት ትገባለህ ብለው አስፈራሩት። ከዚያ ጓደኞቹ ቤት እየወሰደ «እነዚህ የኔ ሰዎች ናቸው፣ እመኗቸው» እንዲል አደረጉት። አንድ በአንድ። ያደገባቸውን ሰዎች። እሱ የውሸት ስም የለውም። በራሱ ስም፣ በራሱ ፊት ነው የሸጣቸው። መጨረሻው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

የኛ ቤት መጀመሪያ የጠፋው ማንኪያ ነበር። እናቴ ማንኪያ ጠፋብኝ ስትል ሠራተኛዋን ተቆጣቻት። ቀጥሎ ወንድሜ በሙቀት ረጅም እጅጌ መልበስ ጀመረ። ብርድ ብርድ ይለኛል ይል ነበር። አመንነው። እኔም አመንኩት። አንድ ቀን እጁን ልይዘው ስል እንደ እሳት ሸሸኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

በኋላ እሱንም ያዙት። ስም ስጠን አሉት። ምን እንዳደረገ አልነግራችሁም፣ የሱ ነው። ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት በር በተንኳኳ ቁጥር ቤታችን ውስጥ ሁሉም ሰው እንዴት እንደሚቆም አውቃለሁ። ማንም አይንቀሳቀስም። እናቴ እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች።

እና አንተ የመጨረሻው ወንበር፣ ለጥያቄህ የኔ መልስ ይህ ነው። ፖሊሱ መቼ ማስመሰል እንዳቆመ ከመጠየቅህ በፊት፣ ዎከር መቼ ማስመሰል እንደጀመረ ጠይቅ።

የመጨረሻው ወንበር
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:20

እህቴ፣ የጻፍሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እግዜር ያጽናችሁ። ወንድምሽስ አሁን እንዴት ነው? መመለስ ካልፈለግሽ ይለፈኝ።

ልክ ነሽ። ሰኞ ሌሊት ያን ሁሉ ስጽፍ የዎከርን ስም እንኳ አላነሳሁም። ፊልሙ ሲያልቅ ያሰብኩት ስለ ጂም ብቻ ነበር። ይህን ማየት ነበረብኝ፣ አላየሁትም።

ፍርድ ቤት ደጃፍ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:40

የእህታችን ነገር መዝገብ ላይ በየጊዜው ያየሁት ነው። ጠቋሚው በወረቀት ላይ ስም የለውም። ቁጥር ነው፣ ወይም «ምንጭ»። ፖሊስ በጠቋሚ እጅ፣ በቁጥጥር ሥር ዕፅ ሲያስገዛ ሥርዓቱ ይህን ይመስላል። ጠቋሚው ከመግባቱ በፊት ኪሱ፣ ጫማው፣ መኪናው ሁሉ ይፈተሻል። የሚሰጠው ብር ቁጥሩ ተመዝግቦ ወይም ፎቶ ተነስቶ ነው። መቅጃ ይታሰርለታል። ሲወጣ እንደገና ይፈተሻል፣ የገዛውን ያስረክባል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ስለማይታመን ነው። ሕይወቱን ግን በሚያስይዝ ሥራ ላይ ነው ያሰማሩት። አይታመንም፣ ግን ይላካል።

ስውር ፖሊሱ ሲጋለጥ ቤተሰቡ ጥበቃ ይደረግለታል። ጠቋሚው ወደዚያው ሰፈር ነው የሚመለሰው።

አንድ መቶ ፎቅ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 8:15

የሆንግ ኮንጉ «ኢንፈርናል አፌርስ» ሳይነሳ ይህ ውይይት አያልፍም! 2002። ቶኒ ሊዩንግ ወንበዴዎቹ መሃል ያለ ፖሊስ፣ አንዲ ላው ፖሊስ መሃል ያለ ወንበዴ። አሜሪካዊው ዳይሬክተር ስኮርሴዚ በ2006 «ዘ ዲፓርትድ» ብሎ ቦስተን ወስዶ ሠራው፣ አራት ኦስካር አገኘበት፣ ከነሱ አንዱ የራሱ የመጀመሪያ የዳይሬክተርነት ኦስካር ነበር። ጥሩ ፊልም ነው። የኔ ግን የመጀመሪያው ነው።

ለምን? ቶኒ ሊዩንግ ፖሊስ መሆኑን የሚያውቅ በዓለም ላይ የቀረለት አንድ ሰው ብቻ ነው፣ አለቃው። የሚገናኙት ጣሪያ ላይ ነው። በኋላ አለቃው ከፎቅ ይወረወራል። ታክሲ ላይ ይወድቃል፣ ልክ ቶኒ ሊዩንግ ፊት። ቶኒ ሊዩንግ አይጮህም፣ አያለቅስም። ፊቱ ብቻ ባዶ ይሆናል። ምክንያቱም የወደቀው አለቃው ብቻ አይደለም። እሱ ራሱ ፖሊስ መሆኑ አብሮ ወደቀ። አሁን ማን ይመሰክርለታል?

የቻይንኛው ርዕስ በቡድሃ እምነት ከሲኦሎች ሁሉ የመጨረሻውን ይጠቅሳል፤ ስቃዩ ፋታ የሌለውን። ለዋናው ቻይና ደግሞ ሌላ መጨረሻ ተቀርጾለት ነበር፣ ወንበዴው የሚያዝበት። እኔ እሱን አልቀበለውም። ስቃዩ እንዲቀጥል የተፈረደበት ሰው በካቴና አይገላገልም።

ጥላ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 9:00

የፊቱ ነገር ልክ ነህ። እኔም ከዚያ ሲን በኋላ ነው ቶኒ ሊዩንግን መከታተል የጀመርኩት።

ስለ «ዶኒ ብራስኮ» ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ትናንት ሳልጽፈው ቀርቼ። እውነተኛው ሌፍቲ ወደ ሞቱ አልሄደም። ኤፍ.ቢ.አይ. ቀድሞ ያዘው። ታሰረ፣ ተፈታ፣ በ1994 በካንሰር ሞተ። መሳቢያዋ የፊልሙ ናት። ይህን ሳውቅ መጀመሪያ ቅር አለኝ። አሁን ግን ፊልሙ ያደረገው ትክክል ይመስለኛል። የእምነት ክህደት ክብደት ስንት እንደሆነ በአንድ መሳቢያ አሳየን።

ሁለት ስም
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:25

«ዲፕ ከቨር»፣ 1992፣ ዳይሬክተሩ ቢል ዱክ። ሎረንስ ፊሽበርን ልጅ ሆኖ ሱሰኛ አባቱ ዓይኑ እያየ ይገደላል። አድጎ ፖሊስ ይሆናል። መጠጥም ዕፅም አይቀምስም፣ ምሏል። ከዚያ ሻጭ ሆነህ ግባ ይሉታል። ይገባል። ይሸጣል። ችግሩ ሥራው ይሆንለታል። ከፖሊስነቱ ይልቅ ይሆንለታል። የሚያሳድደው ሰው ጋ ሊደርስ ሲል ደግሞ ከላይ «ተው» ይባላል፣ ፖለቲካ አለበት ብለው።

ለወንበሩ ጥያቄ የኔ ደቂቃ ይህች ናት፤ ያ መሐላ የሚሰበርባት። ፊሽበርን በመጨረሻ ዕፁን ሲወስድ ፊቱ ላይ ደስታ የለም። የተሸነፈ ሰው ፊት ነው።

ካሜራ በትከሻ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:40

«ዘ ኢንፊልትሬተር»ንም እዩ፣ 2016። ብራያን ክራንስተን የአሜሪካ ጉምሩክ ወኪሉን ሮበርት ማዙርን ነው የሚሠራው። ማዙር ለኮሎምቢያ ዕፅ ነጋዴዎች ገንዘብ አጣቢ መስሎ የገባ ሰው ነው። በ1988 ተጠርጣሪዎቹን የውሸት ሠርግ ጠርተው ነው የያዟቸው። ይህ የተፈጸመ ነገር ነው።

ግን እኔ የምላችሁ ሠርጉን አይደለም። ክራንስተን ከእውነተኛ ሚስቱ ጋር የትዳር በዓላቸውን እራት እየበሉ ነው። ድንገት አንዱ ወንበዴ ያየውና ይመጣል። አስተናጋጁ ደግሞ የጋብቻ በዓል ኬክ ይዞ ደረሰ። ወንበዴው የሚያውቀው ሌላ እጮኛ እንዳለችው ነው። ክራንስተን ወዲያው አስተናጋጁ ላይ ተነሳ። የልደት ኬክ ነው ያዘዝኩህ ብሎ፣ የአስተናጋጁን ፊት ኬኩ ውስጥ ዘፈቀው። ወንበዴው ሳቀና ሄደ። ሚስቱ ግን አልሳቀችም። ያገባችው ሰው እንዲህ መሆን እንደሚችል አታውቅም ነበር። ለእኔ ማስመሰሉ ያበቃው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ በሷ ዓይን ውስጥ። አስተናጋጁም ምንም አላጠፋም።

ነጭ ጋዋን
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:30

ስለ «ራሽ» ሙዚቃ ማንም አላለም። ኤሪክ ክላፕተን ነው የሠራው። የልጁን ሞት ያዜመበት «ቲርስ ኢን ሄቨን» መጀመሪያ የወጣው ለዚህ ፊልም ነው። ልጁ የሞተው በዚያው በ1991 መጋቢት ላይ ነበር፣ ገና አራት ዓመቱ። ዘፈኑ በ1993 ሦስት ግራሚ አገኘ። ብዙ ሰው ዘፈኑን ያውቀዋል፣ ከየት እንደመጣ ግን አያውቅም። ይህን አውቄ ፊልሙን እንደገና ሳየው ጊታሩ ሌላ ድምፅ ሆነብኝ።

የመጨረሻው ወንበር
ዓርብ፣ ከሌሊቱ 6:10

ትናንት እንደገና አየሁት። እህት እንዳለችው ዎከርን ብቻ ተከተልኩ። ካሜራው ጂምና ክሪስተን ላይ ሲሆን እኔ ከጎን የቆመውን እፈልግ ነበር።

አንድ ነገር አስተዋልኩ። ጂምና ክሪስተን እርስ በርስ ለብቻቸው ሲሆኑ ጭንብሉን ያወልቃሉ። ይጣላሉ፣ ይፈራሉ፣ ይተቃቀፋሉ። ዎከር ግን ከማን ጋር ያወልቀው? ጓደኞቹ ጋር ሲሆን ጠቋሚ መሆኑን ይደብቃል። ፖሊሶቹ ጋር ሲሆን ደግሞ ጓደኞቹን እንደሚወድ ይደብቃል። ብቻውን ሲሆን እንኳ የሚያርፍበት ቦታ የለውም። በመጀመሪያው እይታ ቀልደኛ ልጅ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ሲቀልድ ዓይኑ ማንን እንደሚፈልግ አየሁ። ክሪስተንን ነው። እሷ እንድታዝንለት ነው።

ሰኞ የጠየቅኩትን ጥያቄ አሁን እንደዚያ አልጠይቀውም።

እህት
እሑድ፣ ከምሽቱ 3:15

ዘገየሁ፣ ይቅርታ። ወንድሜን ጠይቀኸኝ ነበር። ደህና ነው። ካቆመ ስድስት ዓመት ሆኖታል።

ይህን ክር አሳየሁት። ሁሉንም አነበበ። ከዚያ «እንየው» አለኝ። እኔ ፈራሁ፣ እሱ አልፈራም። ትናንት አብረን ተቀመጥን። መርፌው ሲመጣ ፊቴን አዞርኩ። እሱ አላዞረም። ጂም ዕፁን ለማቆም ሲታገል «እጁን እይው» አለኝ ቀስ ብሎ። «እጁን አሳምሮ ሠርቶታል።»

ዎከር ጓደኞቹ ቤት ይዟቸው ሲገባ ግን ሪሞቱን ከእጄ ወሰደና አቆመው። ብዙ ደቂቃ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። በኋላ «አንድ ሰው ልደውልለት» ብሎ ወደ በረንዳ ወጣ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። በመስታወቱ ሳየው ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ እየተመላለሰ ነበር፣ የሚናገረው አይሰማም። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። ተቀመጠና «ቀጥይው» አለኝ።